ከፍሎ ስም ማውጣት

ሊያ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ ቪዲዮ ጌም እየሠራች ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በዓድዋ በኩል ወደ ምጽዋ የሚወርድ የሲራራ ነጋዴ ታሪክ ነው፤ በቅሎ፣ አሞሌ፣ ኬላ፣ ሽፍታና ጠጅ ቤት ሞልቶታል። የጎደለው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከሕዝብ ለማሰባሰብ አስበው ለደጋፊዎች የሚሰጠውን ማመስገኛ በዝርዝር አርቅቃለች። አጎቷ ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን በመጽሐፍ አርትዖት የፈጁ ሰው ናቸውና ረቂቁን እንዲያዩላት ሰጠቻቸው። ክርክሩ ከአራተኛው መስመር ተነሣ።

ጋሽ ታደሰ፦ 15 ዶላር የሰጠ ጌሙን ያገኛል። 30 የሰጠ ሙዚቃው ይጨመርለታል። 60 የሰጠ ካናቴራ ይላክለታል። ይህ ሁሉ ገበያ ነው፤ ምንም አልልም። አራተኛው ላይ ግን «500 ዶላር የሰጠ በጌሙ ውስጥ ላለ አንድ ሰው ስም ያወጣል፤ ታሪኩንም ራሱ ይጽፋል» ይላል። ይህን ማን ጻፈው?

ሊያ፦ እኔ ነኝ ጋሼ።

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ ደግሞ ደራሲዋ አንቺ መስለሽኝ ነበር።

ሊያ፦ ደራሲዋማ እኔ ነኝ፤ ግን ደራሲም ኪራይ ይከፍላል። ደግሞ እኛ የፈጠርነው ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደብል ፋይን የሚባል የሳንፍራንሲስኮ ስቱዲዮ ኪክስታርተር በሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ 400,000 ዶላር ጠይቆ ከ3.3 ሚሊዮን በላይ አገኘ። ሊሠራ ያሰበው ትላልቆቹ አሳታሚዎች ጊዜው አልፎበታል ብለው ፊት የነሱትን ዓይነት ጌም ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኦብሲዲያን የሚባለው ስቱዲዮ ተነሣና 1.1 ሚሊዮን ጠየቀ። በአንድ ወር ውስጥ 73,986 ሰው ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር አዋጣለት።

ጋሽ ታደሰ፦ አክሲዮን ገዙ በዪኛ።

ሊያ፦ የለም። ኪክስታርተር ላይ የሰጠ ሰው ከትርፉ ሳንቲም አይደርሰውም፤ ጌሙ የፈለገውን ያህል ቢሸጥ ያው ነው። ስለዚህ ማመስገኛ ያስፈልጋል። ካናቴራ ስንል ማሳተም አለው፣ ማሸግ አለው፣ ፖስታ አለው፤ ከአዲስ አበባ ሚኒሶታ ለመላክ የሚወጣው ገንዘብ ካናቴራውን ያስንቃል። ስም ግን አይመዘንም። ጉምሩክም ፖስታ ቤትም አይሄድም። አንድ መስመር ኮድ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ላልሠራበት ሰው እንዲህ ይመስላል። ልንገርሽ፤ አንድ ጊዜ ልብ ወለድ ሳርም የኅትመቱን ወጪ የሸፈነ ነጋዴ ነበር። ለውለታው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ በእሱ ስም እንዲጠራ። ደራሲው እሺ አለ። ረቂቁ አልቆ ሰውዬው ቢያነበው ጀግናው ወደ መጨረሻው ገደማ ይሞታል። «ገንዘቤን ከፍዬ ልሙት?» ብሎ ተነሣ።

ሊያ፦ ከዚያስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ከዚያማ ጀግናው ዳነ፤ መጽሐፉ ሞተ።

ሊያ፦ እሺ፣ ስቲቨን ኪንግስ? እሱ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢንተርኔት ጨረታ ላይ «ሴል» በሚለው ልብ ወለዱ ውስጥ የሚገባ የአንድ ገጸ ባሕርይ ስም ሸጠ። 25,100 ዶላር አወጣ። ገንዘቡም ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን በፍርድ ቤት ለሚሟገት ድርጅት ዋለ። ሌሎች ስመ ጥር ደራሲዎችም በዚያው ጨረታ ሸጠዋል። መጽሐፎቻቸው ሞቱ?

ጋሽ ታደሰ፦ ስቲቨን ኪንግ ስንት ስም ሸጠ?

ሊያ፦ አንድ።

ጋሽ ታደሰ፦ ያ ባለ ስም ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚናገር፣ ይሙት ይዳን ማን ጻፈው?

ሊያ፦ ኪንግ ራሱ።

ጋሽ ታደሰ፦ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጠቤ። እሱ ስም ሸጠ። ያንቺ መስመር ስሙን ከሸጠ በኋላ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አድርጎ ታሪኩንም ይጨምራል። ካናቴራውን የወሰደ ሰው ካናቴራውን ለብሶ ይሄዳል። ይህኛው ግን ብዕርሽን ተቀብሎሽ ከጎንሽ ሊቀመጥ ነው።

ሊያ፦ እንግዲያው እነዚያ 73,986 ሰዎች ያዋጡለት ጌም ምን እንደደረሰበት ልንገርዎት። ለክርክሬ አይጠቅመኝም፤ ግን ለሰዓታት የተጫወትኩት ስለሆነ መደበቅ አይሆንልኝም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ወጣ፤ ስሙ ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ ነው። ሕፃናት ነፍስ ሳይኖራቸው በሚወለዱበት አገር የሚሆን ታሪክ ነው። ተጫዋቹ ደግሞ የሰውን ነፍስ ማንበብ የሚችል መንገደኛ ነው፤ አንድ ሰው ፊት ይቆምና ያ ነፍስ በቀደመ ሕይወቱ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሠራ ያያል። የመጀመሪያው ከተማ ሲደርሱ መሀሉ ላይ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ቅርንጫፉ ላይ የተሰቀሉ ሰዎች ይወዛወዛሉ። ገዢው ነፍስ የሌላቸው ልጆች ለምን እንደሚወለዱ ስላላወቀ ሰው እየሰቀለ ነው። ይህን አይተው ክው ብለው እያሉ እዚያው መንገድ ዳር ስማቸው በወርቅ ቀለም የተጻፈ ሰዎች ቆመዋል።

ጋሽ ታደሰ፦ መኳንንት ናቸው?

ሊያ፦ ከፋዮች ናቸው። ስቱዲዮው የደጋፊዎቹን ገጸ ባሕርያት ከራሱ ለመለየት በወርቅማ ቀለም ጻፋቸው። አዲስ ተጫዋች ይህን አያውቅም፤ ወርቅ ሲያይ ቁም ነገር ያለው ሰው ይመስለዋል። ይጠጋል፣ ነፍሱን ያነባል። ረዘም ያለ ጽሑፍ ይወጣለታል፤ የባሕር ላይ ጦርነት፣ ክህደት፣ ያለቀ ፍቅር። ከተሰቀሉት ሰዎች ጋር አይገናኝም፣ ከሕፃናቱም ጋር አይገናኝም፣ ያ መንደር መኖሩንም አያውቅ። ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ያም እንደዚያው። ጥቂት ካነበበ በኋላ ራሱ ይዞራል። ኋላ ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚሰጣጡት ምክር «ወርቃማ ስም ካየህ እለፈው» ሆነ።

ጋሽ ታደሰ፦ እንዲታለፉ ነው የከፈሉት በዪኛ!

ሊያ፦ ያሳዝናል። ጽሑፎቹ ሁሉ መጥፎ አልነበሩም፤ ደህና የጻፉ ነበሩ። ብቻቸውን ቢነበቡ ይነበቡ ነበር። እኔን ያበሳጨኝ ሌላ ነው። ነፍስ ማንበብ የዚያ ጌም አንጀት ነው። ታሪኩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ነገር መርጠው ለከፋዮቹ የሰጡት እሱኑ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ አንባቢ መጽሐፍ ሲገልጥ አንድ ነገር አምኖ ነው፤ እዚህ የተቀመጠው ሁሉ በምክንያት ተቀመጠ ብሎ። በር ላይ ጠመንጃ ካለ አንድ ቀን ይተኮሳል ብሎ ይጠብቃል። ይህን እምነት ካፈረስሽው ዝም ብሎ ያፈረስሽውን ብቻ አይዘልም። ትክክለኛውንም እየዘለለ ማንበብ ይለምዳል። ወርቃማዎቹን ያለፈው ተጫዋች ኋላ ኋላ የደራሲዎቹንም ሰዎች በጥርጣሬ አላየም ትያለሽ?

ሊያ፦ እኔ አይቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ሊያናግረኝ ሲል መጀመሪያ የስሙን ቀለም ነበር የማየው።

ጋሽ ታደሰ፦ አራሚ አልነበራቸውም?

ሊያ፦ ነበራቸው። የብዙዎቹን ጽሑፍ ከደጋፊዎቹ ጋር እየተመላለሱ አስተካክለናል ብለዋል። ግን የሾለከ ነበር። ከገጸ ባሕርያቱ ሌላ የመታሰቢያ ድንጋዮችም ነበሩ፤ ደጋፊው የፈለገውን አጭር ጽሑፍ የሚያስቀርጽባቸው። ከነዚያ በአንዱ ላይ አንድ ደጋፊ አጭር የቀልድ ግጥም አኖረ። ጌሙ እንደወጣ ግጥሙ ጾታቸውን በለወጡ ሰዎች ላይ ያላግጣል የሚል ቁጣ ተነሣ። ወዲያው ደግሞ «እንዳትነኩት፣ ሳንሱር ነው» የሚል ሌላ ቁጣ ከወዲያኛው ወገን መጣ። ኩባንያው የሰጠው መልስ ያ ጽሑፍ ሳይመረመር ነው የገባው የሚል ነበር። ከዚያ ለደጋፊው ነገሩትና ሌላ ጽሑፍ አመጣ፤ በሚያዝያው ማሻሻያ ተቀየረ። አዲሱ ጽሑፍ ምን ላይ የሚቀልድ ይመስልዎታል?

ጋሽ ታደሰ፦ በጭቅጭቁ ላይ።

ሊያ፦ እንዴት አወቁ?

ጋሽ ታደሰ፦ ሰውዬው ሁለት ጊዜ የመናገር ዕድል ተሰጥቶት አንዱን ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ይመስልሻል? ለመሆኑ በዚያ አገር፣ ማለቴ በጌሙ አገር፣ ይህ ጭቅጭቅ አለ?

ሊያ፦ የለም። ድንጋዩ የቆመበት ዓለም ስለ ኢንተርኔት የሚያውቀው ነገር የለም።

ጋሽ ታደሰ፦ ስለዚህ መጀመሪያም ድንጋዩ የጌሙ አልነበረም፤ ከታረመ በኋላም አልሆነም። ሰዎቹ ግጥሙ ይሰድባል አይሰድብም ብለው ተጣሉ፤ መጣላታቸው አይገርመኝም። እኔ ግን አራሚ ነኝና የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ገንዘቡን ሲቀበሉ «የመጨረሻው ቃል የኛ ነው» ብለው ነበር? ኋላ ሄደው ፈቃድ መጠየቃቸው ጨዋነት ነው። ግን በራስሽ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ገጽ ለመለወጥ ፈቃድ የምትጠይቂ ከሆነ ገጹን ቀድመሽ ሸጠሽዋል ማለት ነው።

ሊያ፦ ታዲያ በጥቅሉ ይቅር እያሉኝ ነው? ባዶ እጄን ልቁም?

ጋሽ ታደሰ፦ አላልኩም። ተአምረ ማርያም በብራና አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሊያ፦ በመስታወት ውስጥ፣ ሙዚየም።

ጋሽ ታደሰ፦ የተገለጠው ገጽ ላይ ምናልባት የሰው ስም ነበር፤ አላስተዋልሽውም። መጽሐፉ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግዕዝ ተመልሶ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተቀዳ ፈጣሪ ይወቀው። እያንዳንዱ ተአምር ሲያልቅ ለመጽሐፉ ባለቤት በረከት የሚለመንበት ቦታ አለ። እዚያ ያስጻፈው ሰው የክርስትና ስም ይገባል። ገንዘቡን ያወጣው እሱ ነው፤ የብራናውን፣ የቀለሙን፣ የጸሐፊውን ቀለብ። ስሙ በየተአምሩ መጨረሻ ይነሣል፤ ቄሱ ባነበበው ቁጥር ይጠራል። ገዢ ገና ካልተገኘ ጸሐፊው ቦታውን ክፍት ይተወዋል። መጽሐፉ ተሸጦ ወይም በውርስ ወደ ሌላ ሲያልፍ ደግሞ የቀድሞው ስም በስለት ይፋቅና የአዲሱ ይገባል። ከመፋቅ ብዛት ቆዳው የሳሳ ቦታ በእጄ ዳስሻለሁ።

ሊያ፦ ስሙ ይለወጣል፤ ተአምሩ ግን...

ጋሽ ታደሰ፦ ተአምሩን ማንም አይነካውም። ባለጸጋ ያስጽፈው፣ ንጉሥ ያስጽፈው፣ አንድ ቃል አይጨምርም። የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው ነው። እቴጌ ምንትዋብ ናቸው ያሠሩት፤ ሥዕላቸው አለ። የት? ከእመቤታችን እግር ሥር፣ መሬት ላይ ተደፍተው። ያን የሚያህሉ ንግሥት ከፍለው ያገኙት ቦታ ያ ነው። ሥዕሉ ቦታ ሰጣቸው እንጂ እሳቸው ሥዕሉን አልቀየሩትም።

ሊያ፦ ቆይ ጋሼ፣ ይህማ በጌምም አለ! ሆሎው ናይት የሚባል አለ፤ የአውስትራሊያ፣ የአደላይድ ልጆች የሠሩት። ቡድኑ ቲም ቼሪ ይባላል። 35,000 የአውስትራሊያ ዶላር ጠይቀው ከ57,000 በላይ አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አወጡት። የፈረሰ የነፍሳት መንግሥት ነው፤ የትኋን የጢንዚዛ ዓይነት ነፍሳት ማለቴ ነው። በዚያ ውስጥ የመቃብር ስፍራ አለ፤ ከመቃብሩም ዘልቆ ብዙ ሳይደክሙ የማይገባበት አንድ መስክ አለ። እዚያ መናፍስት ቆመዋል፤ የደጋፊዎቹ ስም ያለው እዚያ ነው። እያንዳንዱ ስምና አጭር ቃል አለው፤ ከዚያ በላይ የለውም። መንግሥቱ የሙታን መንግሥት ስለሆነ ማንም «ይሄ ከየት መጣ» አይልም። እኔ እዚያ መስክ ስገባ ስለ ገንዘብ አላሰብኩም።

ጋሽ ታደሰ፦ ተጫዋቹ ግን መሣሪያ ይዟል አይደል? ቢመታቸውስ?

ሊያ፦ መስኩ ጠባቂ አለው። መንፈስ የመታ ሰው ከጠባቂው ጋር ይጋጠማል።

ጋሽ ታደሰ፦ ይህን ያሰበ ልጅ አራሚ አያስፈልገውም።

ሊያ፦ ሾቭል ናይት የሚባለውም ከ300,000 ዶላር በላይ ሰብስቦ ደጋፊዎቹን በአንድ የጀግኖች አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቀላቸው፤ ሥዕል ሆነው። ቶርመንት የሚባለው ደግሞ የሙታን ጀግኖች ሸለቆ ሠርቶ የደጋፊዎቹን ቃል የመቃብር ላይ ጽሑፍ አደረገው። ሁሉም ያው ናቸው፤ ለስም የሚሆን ክፍል ቀድመው ሠሩ።

ጋሽ ታደሰ፦ ክፍት የተተወው ብራና።

ሊያ፦ አዎ። አንደርቴል የሚባለው ጌም ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ያ 5,000 ዶላር ጠይቆ ከ51,000 በላይ ያገኘ ነው። አንድ የደጋፊ ገጸ ባሕርይ አለው፤ እሱን ለማግኘት የኮምፒውተሩ ቀን ኦክቶበር 10 መሆን አለበት፣ ሰዓቱ ደግሞ ከምሽቱ ሁለት።

ጋሽ ታደሰ፦ በዓመት አንድ ማታ! ተከፍሎበታል፣ ቃል አልታጠፈም፣ ታሪኩም አልተነካ። የሠራው ልጅ ጠበቃ መሆን ነበረበት።

ሊያ፦ ሌላም መንገድ አለ። ፋስተር ዛን ላይት የሚባል የጠፈር መርከብ ጌም አለ፤ 10,000 ጠይቆ 200,542 ዶላር ያገኘ። የደጋፊዎቹን ስም አንድ ከረጢት ውስጥ ከተተና መርከበኛ በተፈጠረ ቁጥር ከዚያ በዕጣ እየወጣ ይሰጠዋል። ዛሬ ያንን ስም የያዘው ጀግና ሊሆን ይችላል፤ ነገ በእሳት ይቃጠላል። ታሪክ የለውም፤ ታሪኩን የሚሰጠው ተጫዋቹ ነው። እኔ ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ።

ጋሽ ታደሰ፦ ይህ ለአሜሪካ ስም ይመቻል። ለኛ ይከብዳል።

ሊያ፦ ለምን?

ጋሽ ታደሰ፦ ሽፍታ አለሽ አይደል መንገዱ ላይ? ከከረጢቱ የሚወጣው ስም የሽፍታውም ሊሆን ነው። እዚህ አገር ስም ሲወጣ ሃይማኖትም አገርም አብሮ ይወጣል። አንዱ ስም ሽፍታውን ካንድ ወገን ያደርገዋል፤ ሌላው ስም ከሌላ። አንቺ ያላሰብሽውን ነገር ዕጣ ይናገርልሻል። ከነአባት ስም ከሆነማ ጭራሽ የሚታወቅ ሰው ይሆናል። ከ500 ዶላሩ ጋር ጠላቱን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ «ኬላ ጠባቂው ጉቦኛ ይሁን፣ ስሙም እገሌ እገሌ ይሁን» ብሎ።

ሊያ፦ መጥቷል። ገና ሳንጀምር። ሜሪላንድ ያለው ጓደኛችን ለሰዎች ሲነግር አንዱ የአለቃውን ስም ሰጠው።

ጋሽ ታደሰ፦ አላልኩሽም? ሌላስ?

ሊያ፦ አንዱ ኬላ ጠባቂውን «ናቲ» በሉት አለ።

ጋሽ ታደሰ፦ በዚያ ዘመን?

ሊያ፦ በዚያ ዘመን። አንዲት ሴት ደግሞ የእናቷን ስም ለማኖር ጠየቀች። ባለፈው ዓመት ነው ያረፉት። መንገደኛ ቤቷ የምታሳድር ሴት ብታደርጓት አለች፤ እንዲያ ነበሩ መሰለኝ። እኔ አራተኛውን መስመር ስጽፍ ያሰብኩት እሷን ነው እንጂ አለቃውን አይደለም።

ጋሽ ታደሰ፦ እሷን እንኳ እምቢ አትበያት። ግን አስቢው። የሞተች እናት ስም ይዘሽ ጌም ውስጥ አስገባሽ፤ ተጫዋቹ ደግሞ ጎረምሳ ነው፤ ቤት ያሳደረችውን ሴት ሊሰርቅ፣ ሊሰድብ፣ ሊመታ ይችላል። ያ ልጅ ጥፋት የለበትም፤ ጌም ነው የሚጫወተው። ልጅቷ ግን ያንን በቪዲዮ ብታየው?

ሊያ፦ የማይመቱ ማድረግ ይቻላል። እንደ ሆሎው ናይት።

ጋሽ ታደሰ፦ ይቻላል። ቀድሞ ማሰብ ነው። ለመሆኑ ሜሪላንድ ያለው ጓደኛሽ ምን አገባው? ለምን ከዚህ አትከፍቱትም?

ሊያ፦ ኪክስታርተር ከኢትዮጵያ ሆኖ ዘመቻ መክፈት አይፈቅድም። እሱ በስሙ ይከፍታል፣ በእሱ ባንክ ይገባል። ኪክስታርተር ከተሰበሰበው 5 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ ማስተላለፊያውም ሌላ ይቆርጣል።

ጋሽ ታደሰ፦ ስለዚህ ስም የሚያወጡት ዶላር ያላቸው ናቸው። የጎንደር ልጅ ስለ ጎንደር የተሠራ ጌም ይከፍትና ባገሩ መንገድ ላይ የሚያገኘው ሁሉ የቨርጂኒያና የዱባይ ሰው ምርጫ ነው። እሱ በብር ስንት ቢያወጣ ነው ኬላ ጠባቂ የሚሰይመው?

ሊያ፦ ለዚህ መልስ የለኝም። ውጭ ያሉት እኮ ባይኖሩ ጌሙም አይኖርም። ደግሞ እነሱም የሚያዋጡት አገራቸው ናፍቋቸው ነው፤ ስማቸውን እዚያ መሬት ላይ ማየት መፈለጋቸው ያስወቅሳል?

ጋሽ ታደሰ፦ እነሱን አልወቀስኩም። ዝርዝሩን ነው የምወቅሰው። እዚህ ሆነው ጌሙን እየሞከሩ ስህተት የሚነግሯችሁ ልጆች አሉ አይደል? ጥቂት ስም ለእነሱም ይቀመጥ። ገንዘብ አላመጡም፤ ሥራ አምጥተዋል።

ሊያ፦ ይህን እጽፋለሁ። ግን ስሞቹን የት ላድርጋቸው? መቃብር አልፈልግም፤ የደስ ደስ ያለው ጌም ነው። የጀግኖች አዳራሽም የለንም።

ጋሽ ታደሰ፦ ጠጅ ቤት አለን ብለሻል።

ሊያ፦ አለ። ነጋዴው በየከተማው የሚያርፍበት።

ጋሽ ታደሰ፦ አዝማሪስ?

ሊያ፦ እንዴ! ጋሼ!

ጋሽ ታደሰ፦ ምን ሆንሽ?

ሊያ፦ አዝማሪ እኮ ሥራው ይህ ነው! ሰው ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ስሙን ይነግረዋል፣ እሱ ስሙን ይዞ ያወድሳል። ኪክስታርተር በማሲንቆ ማለት ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ከዚያም በላይ ነው። «ተቀበል» የሚል አለ፤ ከፋዩ ግጥም ያቀብላል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። ያንቺ «ታሪኩንም ራሱ ይጽፋል» እዚያ ሲሠራበት የኖረ ነው። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? አዝማሪው የተቀበለውን ሁሉ እንዳለ አይለውም። ዜማው የእሱ ነው፤ ቤት መምቻው የእሱ ነው። የተቀበለው ስድብ ከሆነ አዙሮ ራሱ አቀባዩ ላይ ይጥለዋል፤ ቤቱ ሁሉ ይስቃል፤ ሰውዬውም ሳይወድ ይስቃል፣ ደግሞ ይሸልማል። ያ ድንጋይ ላይ ግጥም ያስቀረጸው ሰው አዝማሪ ፊት ቢያቀብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ሊያ፦ ተጫዋቹም ግራ አይገባውም። አዝማሪ የሰው ስም ሲጠራ ማንም «ይህ ሰው ለታሪኩ ምን ይፈይዳል» ብሎ አይከተለውም። ወርቅ ቀለም አያስፈልግም። መስማት የማይፈልግ ጠጁን ጠጥቶ ይወጣል።

ጋሽ ታደሰ፦ የሴትዮዋም እናት ይወደሳሉ፤ የሚመታቸው የለም። ያ አለቃውን የሰጠው ሰው ደግሞ ስሙን ለአዝማሪው ያቀብል፤ አዝማሪው የሚለውን ይበል። የመጨረሻው ቃል ያንቺ እንደሆነ ግን ከክፍያው በላይ ጻፊው፣ ከሥሩ በደቃቁ አይደለም።

ሊያ፦ ሽፍታውስ?

ጋሽ ታደሰ፦ የሽፍታውን ስም አንቺ አውጪለት። ኃላፊነቱም ያንቺ ይሁን።

ሊያ፦ እሺ። ሒሳቡን ልየው። አዝማሪ ስም እንዲጠራ 500 ዶላር የሚከፍል የለም። 60 ቢሆን ነው፤ ካናቴራውን እሰርዛለሁ። 40 ሰው በ500 ይገባል ብዬ 20,000 አስቤ ነበር። ደግሞ ስም እየጻፍን ብቻ አይሆንም፤ እውነተኛ አዝማሪ ስቱዲዮ አስገብተን እናስቀዳለን፣ በደንብ እንከፍለዋለን። ከ100 ስም በላይ አንችልም። 6,000 ነው። የሱን ክፍያ ሳልቀንስ።

ጋሽ ታደሰ፦ 14,000 ጎደለ።

ሊያ፦ 14,000 ምጽዋ ናት።

ጋሽ ታደሰ፦ ምን ማለት ነው?

ሊያ፦ ወደቡ፣ ጀልባዎቹ፣ ባሕሩ። የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ብዙ ሥራ ያለበትም እሱ ነው። ያ ገንዘብ ከሌለ ነጋዴው ዓድዋ ላይ ሸጦ ይመለሳል።

ጋሽ ታደሰ፦ ይመለስ። ዓድዋ ድረስ የሄደ ነጋዴ ተረት አይደለም። ገንዘብ ስታገኚ ምጽዋን በሁለተኛው ታመጫለሽ።

ሊያ፦ ባሕሩን ሲሥል የከረመውን ልጅ ምን ልበለው?

ጋሽ ታደሰ፦ አዝማሪው መጀመሪያ የእሱን ስም ይጥራለት። በነጻ።

ሊያ፦ እሱ ስሙ እንዲጠራ አይደለም የሚፈልገው ጋሼ። ባሕሩ እንዲታይለት ነው።